ወደ ምስጋና የሚሄደው ባቡር

ደቡብ ኮሪያ ደርሶ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚተርካት አንዲት ወሬ አለች። "ቹንቾን የምትባል ከተማ አለች፤ ከሴኡል በባቡር ሄደህ ባንድ ቀን ትመለሳለህ፤ እዚያ የኛን ጎጆ ቤት የመሰለ ሙዚየም ሠርተውልናል፤ ኢትዮጵያዊ ነኝ ስላቸው አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው አለቀሱ" ትላለች ወሬዋ። ተራኪው ይለዋወጣል፤ አሮጊቷ ግን አይለወጡም። ከዚያ ፎቶግራፍ ይወጣል፤ አድማጮቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ "ወይ አለመታደል! እነሱ አውቀውን እኛ ራሳችንን አናውቅም" ይላሉ፤ ቡናው ይጠጣል፤ ጨዋታውም እዚያው ላይ ያልቃል።

በአሮጊቷ እንባ ላይ ጥርጣሬ የለኝም። በዚያ አገር፣ በዚያ ጦርነት ዘመን ልጅ የነበረ ሰው የሚያለቅስበት ምክንያት አያጣም። የእኔ ጠብ ጨዋታው እዚያ ላይ ከማለቁ ጋር ነው። አንድ ሙሉ የጦርነት ታሪካችን ዛሬ በአንድ ቀን የሽርሽር ጉዞ፣ በአንድ ፎቶግራፍና በአንዲት አሮጊት እንባ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቷል። ይህን ደግሞ ኮሪያውያን አላደረጉብንም፤ ራሳችን ነን ያደረግነው።

እስቲ አስቀድሜ ስለ ጉዞው ላውጋችሁ።

ባቡሩ የሚነሳው ሴኡል ውስጥ ከዮንግሳን ጣቢያ ነው። "ቾንግቹን" ይሉታል፤ በቋንቋቸው ወጣትነት ማለት ነው። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን ከፉርጎዎቹ ሁለቱ ባለ ፎቅ ናቸው፤ ፎቁ ላይ ቦታ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ወንዙን አሻግሮ ያያል። ቹንቾን ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ጥንት መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1939፣ ጃፓን ኮሪያን ይዛ በነበረበት ዘመን የተዘረጋ ነጠላ ሐዲድ ነበር፤ በዝግታ የሚጓዝ፣ በዕረፍት ቀን ሽርሽር የሚወጡ ተማሪዎች የሚሞሉት ባቡር ነበረው። አዲሱ መስመር ሲሠራ አሮጌውን ሐዲድ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ አልሸጡትም። በከፊሉ ላይ በእግር የሚዘወር ባለ አራት ጎማ ብስክሌት አስቀምጠውበት፣ አገር ጎብኚው ገንዘብ ከፍሎ እየሳቀ በዋሻ ውስጥ ያልፍበታል። (ይህን ያየ የለገሃር ልጅ ምን እንደሚሰማው ለአንባቢ እተወዋለሁ።)

መንገዱ ያምራል፤ መዋሸት አይቻልም። ባቡሩ የቡክሃንን ወንዝ ተከትሎ በተራራና በዋሻ መካከል እየተሹለከለከ ይሄዳል። በበልግ ዛፉ ሁሉ ቀይና ቢጫ ይለብሳል፤ በክረምት ወንዙ ዳር ዳሩን በረዶ ይይዛል። ጋፕዮንግ ሲደርስ ግማሹ ተሳፋሪ ይወርዳል፤ ብዙው እ.ኤ.አ. በ2002 ለታየ አንድ የፍቅር ተከታታይ ፊልም ሥዕል የተነሣበትን የናሚን ደሴት ሊያይ የሚሄድ ነው። በዚያው በጋፕዮንግ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1951 የአውስትራሊያና የካናዳ ሻለቆች ወደ ሴኡል የሚገሠግሰውን የቻይና ጦር ለማቆም ሌት ተቀን ተዋግተዋል። የእኛ ሰዎች በዚያው ሰሞን ገና ባሕር ላይ ነበሩ።

ቹንቾን ሲደርሱ አስቀድሞ ምሳ ነው። የከተማይቱ ስመ ጥር ምግብ ዳክጋልቢ ይባላል፤ የተቆራረጠ የዶሮ ሥጋ በቀይ በርበሬ ተለውሶ፣ ከጎመንና ከስኳር ድንች ጋር በሰፊ የብረት ምጣድ ላይ እዚያው ፊት ለፊት የሚጠበስ ነው። ሚጥሚጣ የለመደ አፍ አያማርርም። ከዚያ ወደ ሐይቁ ዳር ይወረዳል። ሐይቁ በግድብ የተጠራቀመ ነው፤ በላዩ ላይ የዝይ ቅርጽ ያላቸው በእግር የሚዘወሩ ጀልባዎች ይንሳፈፋሉ፤ ጥንዶች እየተሳሳቁ ይቀዝፋሉ። መታሰቢያችን ያለው እዚህ ዳር ላይ ነው። ሐውልቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1960 ዓ.ም. ተገኝተው የመረቁት ነው። ሙዚየሙ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን ጣራው እንደ ጎጆ ሾጠጥ ሾጠጥ ብሎ ተሠርቷል። መንገዱም በስማችን ተሰይሟል። ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ንጉሡ በጎበኙበት ዓመት የተከፈተ "የኢትዮጵያ ቤት" የሚባል ቡና ቤት አለ፤ ዛሬም ይሠራል። ምሽት ላይ ባቡሩ ሁሉንም ጭኖ ወደ ሴኡል ይመልሳል።

እሰየው ነው። ያንን መታሰቢያ ላቆመ ሕዝብ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ነገር ግን እዚያ ቆሜ ሳየው አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ጦርነቱ እዚያ የለም። ባቡሩ ቹንቾን ላይ ያበቃል፤ የእኛ ሰዎች ጦርነት የሚጀምረው ግን ከዚያ ወዲያ ነው፤ በስተሰሜን በህዋቾንና በቾርዎን ተራሮች ላይ። የተዋጉባቸው ኮረብታዎች ስም እንኳ የላቸውም። አሜሪካኖቹ በሜትር ከፍታቸው ይጠሯቸው ነበርና 602፣ 700 እየተባሉ ነው የቀሩት። ስም የወጣላቸውም ቢሆኑ እንደ ቅርጻቸው የተሰየሙ ናቸው፤ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ኮረብታ፣ የአሣማ ጎድን የመሰለው ኮረብታ። ባለ ሦስት ማዕዘኑ በ1945 ዓ.ም. መባቻ ስንትና ስንት ደም ፈሶበት በቻይናዎች እጅ ቀረ። ሁለተኛውን አሜሪካኖቹ ራሳቸው፣ የተኩስ ማቆሙ ውል ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ሊፈረም ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ለቀውት ወጡ። ለአንድ ቀን ሽርሽር የሚወጣ ጎብኚ እነዚህን አያያቸውም፤ እሱ የሚያየው ዝይ ጀልባውን ነው።

ለመሆኑ የዘመቱት እነማን ነበሩ?

በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ መሪነት ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያም በአሜሪካ የጦር መርከብ ተጭኖ በወሩ መጨረሻ ገደማ ፑሳን ወደብ ደረሰ። ጣልያን የተባረረበትና ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መዲናቸው የተመለሱበት ዐሥረኛ ዓመት በሚከበርበት ሰሞን መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። ወታደሮቹ ከክብር ዘበኛ የተመለመሉ ናቸው፤ ስማቸው የተወሰደውም ከልዑል ራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከ"አባ ቃኘው" ነው። ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር ተቀላቅለው ተዋጉ። ያ ጊዜ የአሜሪካ ጦር ራሱ ጥቁርና ነጭ ወታደሮቹን መለያየቱን ገና መተው የጀመረበት ወቅት ነበር፤ ጥቁሮች ብቻ የነበሩበት 24ኛው ሬጅመንት የፈረሰው እዚያው ኮሪያ ውስጥ በዚያው ዓመት ነው። የእኛ ጥቁር ሻለቃ ከነመኮንኖቹ፣ ከነባንዲራው በመካከላቸው ሲቆም ማን ምን እንዳሰበ፣ የእኛዎቹስ ምን እንደተሰማቸው መስማት እንዴት ያለ ነገር በሆነ ነበር! ማን ጠየቃቸው?

ከሻለቃው አንድም ሰው አልተማረከም። ይህ በማንም የተመሰከረ ነው፤ የሚያኮራም ነው። ከዚህ ቀጥሎ ግን ወደ ቁጥር ስንገባ አፍረን ልንቀመጥ ይገባል። ስንት ሰው ዘመተ? ከፊሉ ሰነድ 3,518 ይላል፤ ከፊሉ 6,037 ይላል። ስንት ሰው ሞተ? 121 የሚል አለ፤ 122 የሚል አለ፤ ከዚያ የሚያስበልጥም አለ። በ121 እና በ122 መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ስም ነበረው፤ ምናልባት ሚስት፣ በእርግጠኝነት እናት ነበረችው። የእኛ አገር መዝገብ ግን ይኑር አይኑር ሊወስን አልቻለም። ማንም የማይከራከርበት አንድ ቁጥር ብቻ አለ፤ "253 ጊዜ ተዋግተን 253 ጊዜ አሸነፍን" የሚለው። ይህንን ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን! የሞተውን ሰው ለመቁጠር ያልበቃ ሕዝብ ድሉን እስከ መጨረሻው አሐድ ድረስ ቆጥሯል።

የቃኘውን ታሪክ የጻፈልን ማን እንደሆነም እንጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ሻለቃው መጽሐፍ ያሳተመው ኪሞን ስኮርዲሊስ የሚባል ግሪካዊ የጦር ሜዳ ጋዜጠኛ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ኮሪያ ኮረብታዎች በጻፈው ስመ ጥር መጽሐፍ ለኢትዮጵያውያኑ የሌሊት ቅኝት ምዕራፎች የሰጠው ማርሻል የሚባል አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ ነው። በአማርኛ የተጻፈ ማስታወሻ ፈጽሞ የለም አልልም፤ አንዳንድ ዘማቾች በገዛ ወጪያቸው የቻሉትን አሳትመዋል፤ እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን አንድ ተራ ወታደር በጎጃም ወይም በሐረርጌ ገጠር አድጎ፣ በረዶ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ ሳያውቅ፣ በዚያ ውርጭ ጉድጓድ ውስጥ ምን እያሰበ እንዳደረ በቋንቋው የሚነግረን መጽሐፍ አምጡ ብንባል ስንቶቻችን እንችላለን?

እዚህ ላይ ሁሌም የሚመጣ መልስ አለ፤ "ደርግ ነው!" ደርግ ነው፣ እውነት ነው። በኮሚኒስት ላይ የተኮሰ ወታደር በኮሚኒስት መንግሥት ዘመን ሜዳልያውን ደረቱ ላይ ሰክቶ አደባባይ ሊወጣ አይችልም ነበር። ይባስ ብሎ በ1977 ዓ.ም. መባቻ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት የተመረቀው የ"ትግላችን" ሐውልት በሰሜን ኮሪያ ርዳታ የተሠራ ነው። የቃኘው ወታደር በወጣትነቱ የተታኮሰው ሠራዊት አገር የቀረጸውን ሐውልት በስተርጅናው በገዛ ከተማው እያየ አለፈ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምጸት ከየት ይመጣል?

ግን ሁሉንም በደርግ ላይ መጫን ለእኛ የሚመች ስንፍና ነው። ቃኘው ክብር ዘበኛ መሆኑን አንርሳ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥቱን ሙከራ ያካሄደው ክብር ዘበኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ የክብር ዘበኛ ወታደር፣ ኮሪያ ዘመተም አልዘመተ፣ በቤተ መንግሥቱ ዓይን ውስጥ ጥርጣሬ ገባ። ለኮሪያ የሚሄደውን ጦር ያደራጁት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ በዚያው ግርግር አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ከተገደሉት አንዱ ናቸው። እንግዲህ የቃኘውን ታሪክ ዝም ማሰኘት የተጀመረው የላካቸው ንጉሥ ዙፋን ላይ ሳሉ ነው፤ ደርግ ቀጠለበት። ከዚያ በኋላ የመጣነው ደግሞ ዝም እንድንል ያዘዘን ሳይኖር ዝም አልን። በአፍንጮ በር ያለው የዘማቾች መታሰቢያ ኮሪያውያን ያገዙት ነው። ለዘማቾች የልጅ ልጆች የትምህርት ርዳታ የሚሰጡትም ኮሪያውያን ናቸው። እኛ የምንሠራው ዓመታዊ በዓሉ ላይ ተገኝቶ ማጨብጨብ ነው።

ሌላም መልስ አለ፤ ይሄኛው ይበልጥ ያበግነኛል። "በዚያን ጊዜ እኮ እኛ ከእነሱ እንሻል ነበር! ዛሬ የት ደረሱ፣ እኛ የት ቀረን!" ይባላል፤ በታክሲ ውስጥ፣ በሠርግ ቤት፣ በቢሮ። እስቲ ነገሩን እንመርምረው። ጦርነቱ በሰኔ 1942 ዓ.ም. ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ቃኘው ከመድረሱ በፊት ባሉት ወራት ብቻ ሴኡል አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች። ሰሜኖቹ ያዟት፣ አሜሪካኖቹ አስለቀቋት፣ ቻይናዎች መልሰው ያዟት፣ እንደገና ተወሰደችባቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሠላሳ አምስት ዓመት የጃፓን ቅኝ ግዛት ነበረች። የጎረቤት ቤት በእሳት ሲነድ ደርሶ ባልዲ ያቀበለ ሰው በጎ ሠራ፤ ከሰባ ዓመት በኋላ "ያን ዕለት የእኔ ጣራ ከእሱ ጣራ ይሻል ነበር" እያለ የሚያወራ ከሆነ ግን በጎነቱን በገዛ አፉ አረከሰው። የዘማቾቹን ደም የራሳችን ድህነት ማስተዛዘኛ ማድረግ ነውር ነው።

ውለታ ቆጠራውም እንደዚሁ። "ኮሪያን ያዳንናት እኛ ነን" የሚል ሰው በአሥራ ስድስት አገሮች ጦር መካከል አንድ ሻለቃ እንደነበረን ይዘነጋል፤ ይህን ሲሰማም ይከፋዋል። ለምን ይከፋዋል? አንድ ሻለቃ ሆኖ አለመማረክና አለመሸሽ ይበቃል፤ አገር ማዳን ላይ አይደረስ። የላከውም መንግሥት ለጽድቅ ብቻ አላከም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው "አንዱ ሲጠቃ ሁሉም ይድረስለት" የሚለው ቃል ኪዳን ሲፈርስ ያዩ ሰው ናቸውና፣ ያ መርሕ ኮሪያ ላይ ሲሠራ የእሳቸው ጦር መገኘቱ ከልብ የመነጨ ነበር፤ ይህን አምናለሁ። ነገር ግን ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትቀላቀል የተባበሩት መንግሥታት የወሰነው ገና በኅዳር 1943 ዓ.ም. እንደነበረ፣ ሠራዊቱም የአሜሪካን መሣሪያና ሥልጠና ይፈልግ እንደነበረ፣ በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የጦር ሠፈር ውል እንደተፈረመና አሥመራ ላይ ያለው ያ ሠፈር "ቃኘው" እንደተባለ የሚያውቅ ሰው፣ ነገሩ የአንድ ወገን ውለታ ብቻ እንዳልነበረ ይገባዋል። አንድ የፈረስ ስም ሻለቃ ሆነ፤ ከዚያ የአሜሪካ ሠፈር ሆነ። ይህን ማንሣት ዘማቾቹን ማቃለል የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ወታደሩ የታዘዘውን በክብር ፈጽሟል። የቀረው ነገር የእኛ የተቀማጮቹ ፋንታ ነው፤ ለምን እንደ ላክነው በግልጽ መነጋገር።

ይህን ሁሉ በአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ለሚሠራ ወዳጄ ሳጫውተው ሳቀብኝ። እሱ እንደሚለው፣ አስታዋሽ ባጣንበት ዓለም ቢያንስ ኮሪያውያን አስታውሰውናል፤ ይህ ደግሞ ከምንም ይሻላል፤ ጽሑፍ ለሚያነብ አንድ ሰው ሙዚየም የሚያይ ሺህ ሰው አለ። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ወዳጄም ሞኝ አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ስቷል። የቹንቾኑ ሙዚየም የኮሪያውያን ሙዚየም ነው። የቆመውም ምስጋና ለማቅረብ ነው። ምስጋና ደግሞ የራሱ ወግ አለው፤ እንግዳ ፊት የሚቀርብ ነውና ጉድፉ ይነሣለታል። በምስጋና ታሪክ ውስጥ ወታደር አይፈራም፤ እግሩን ውርጭ አይበላውም፤ ከአለቃው ጋር አይጣላም፤ የገደለው ልጅ ፊት ሌሊት አይመጣበትም፤ ፈገግ ብሎ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ለሕፃናት ብስኩት ይሰጣል፣ ወይም ይሞታል። እውነት ነው፣ ለሕፃናቱ ብስኩት ብቻም አይደለም የሰጡት፤ ከደመወዛቸው አዋጥተው ዶንግዱቾን ላይ ወላጅ አልባ ልጆች ያሳድጉ ነበር። ይሁንና ሰው ናቸው፤ ሙሉ ሰው። ሙሉ ሰውነታቸውን እንዲያስቀምጥልን ኮሪያዊውን ልንጠይቀው አንችልም፤ የእሱ ሥራ አይደለም። እሱ ድርሻውን ጨርሶ የኛን እየጠበቀ ነው።

አንድ ጊዜ ኮሪያ ሰፈር የሚኖሩ አንድ አዛውንት ዘማች ቤት ተቀምጬ ነበር። ስለ ድል ብጠይቃቸው የለመዱትን መለሱልኝ፤ ቁጥሩን ጭምር። ኋላ ላይ፣ ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ስለ አንድ የጉድጓድ ጓደኛቸው ጀመሩ። ማታ ማታ የቤቱን በሬዎች በየስማቸው እየጠራ ይተኛ እንደነበር፣ አንድ ሌሊት ለቅኝት ወጥቶ እንዳልተመለሰ፣ በማግሥቱ ሲያገኙት ጓንቱን አውልቆ እንደነበር፤ ለምን እንዳወለቀው ዛሬም እንደማይገባቸው ነገሩኝ። ወዲያው ነገሩን ቀየሩት። ብዙ ጋዜጠኛ እንደመጣባቸው፣ ስለዚህ ልጅ ግን የጠየቃቸው እንደሌለ ገባኝ። ያ ጓንት በየትኛው ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው?

ለዚህ ነው ቹንቾን ደርሶ መመለስ አይበቃም የምለው። ጉዞውን አልቃወምም፤ ዕድሉ የገጠመው ይሂድ፤ ዳክጋልቢውንም ይብላ። ግን ከዚያ ይዞ የሚመለሰው ምስጋና ብቻ ከሆነ ባዶ እጁን ተመልሷል። ምስጋናው የእሱ አይደለምና። የእሱ የሆነው ሥራው ነው፤ ሥራው ያለው ደግሞ እዚህ ነው።

የጦርነት ሥፍራን በባቡር ሄዶ ለማየት እኮ ሴኡል ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ለገሃር ራሱ የጦርነት ሥፍራ ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የተሸነፈው ንጉሠ ነገሥት አገሩን ጥሎ የወጣው በዚያ ሐዲድ ነው፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ ያውም በዚያው በሚያዝያ ወር፣ የእሱ ወታደሮች የሌላ ሰው አገር ሊታደጉ የወረዱትም በዚያው ሐዲድ ነው። ወደ ታች ሲወረድ አዋሽ አለ፤ በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ሲሸሽ ድልድዩን ያፈረሰበት። አዲሱ ባቡርም በዚያው በአዋሽ በኩል ነው የሚያልፈው። ተሳፋሪው በመስኮት ሲያይ የሚያየው ገደል ብቻ ነው፤ የሚነግረው የለማ። ኮሪያዊው የአሮጌውን ሐዲድ ቅራሪ እንኳ ብስክሌት ያስኬድበታል፤ እኛ አንድ ንጉሥ የተሰደደበትንና አንድ ሻለቃ የዘመተበትን ጣቢያ ታሪኩን ለማን እንደምንነግር አላወቅንም። የለገሃር አካባቢ በአዲስ ሕንፃ ዕቅድ ውስጥ የገባ ሥፍራ ነው። የሕንፃው ባለቤቶች፣ ነዳፊዎችና ፈቃድ ሰጪዎች ካነበቡኝ የምጠይቃቸው አንድ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ላይ ከዚህ ተነሥተው ሄደው ያልተመለሱት በሙሉ ስማቸው፣ ከነአባታቸው፣ ከተቻለም ከነትውልድ መንደራቸው ይጻፍ። "ጀግኖች" የሚለው ቃል ባይጻፍም ግድ የለኝም፤ ስሙ ይበቃል።

ለዚህ ግን ስሙ መታወቅ አለበት። ስም ለማወቅ መዝገብ መገላበጥ፣ የዘማቾች ማኅበርን ደጅ መጥናት፣ የመከላከያን የድሮ ፋይሎች ማስከፈት ያስፈልጋል። አስከሬናቸው ፑሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር አልቀረም፤ ወደ አገራቸው ተመልሷል፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው እያንዳንዱን ሣጥን ፈርሞ ተረክቧል ማለት ነው። ያ ፊርማ ያለበት ወረቀት ይፈለግ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ የታሪክ ተማሪ ያስመርቃሉ፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ስም ቢሰጠው፣ የዚያን ሰው ቀዬ ፈልጎ፣ ዘመዱን አግኝቶ፣ አንድ ገጽ ጽፎ እንዲመለስ ቢደረግ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይገኛሉ። ቁጥሩ 121 ይሁን 122 የዚያን ጊዜ እናውቃለን።

በሕይወት ያሉት ግን መዝገብ አይጠብቁም። የመጀመሪያው ቃኘው ለገሃር ላይ ባቡር ሲሳፈር ሃያ ዓመት የሞላው ጎረምሳ ዛሬ ካለ ዘጠና አምስት ገደማ ሆኖታል። ድምፅ መቅጃ በየሰው ኪስ ባለው ስልክ ውስጥ አለ። ኮሪያ ሰፈር ደግሞ ፓስፖርት የማይጠየቅበት፣ በታክሲ የሚደረስበት ሠፈር ነው፤ ከሰዓት በኋላ አዛውንቱ ብዙ ጊዜ ቤት ናቸው።